ባለ ሦስት ፌዝ ቤት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ንጉሤ የሰጡኝ ሥራ አንድ ዲቫይደር መገጣጠም ነበር። ዲቫይደር ያው በየቤቱ ያለው፣ አንዱን ሶኬት ለብዙ የሚያካፍለው ዕቃ ነው። ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ ሰው ቀርቶ ጎረቤታችን ያለው ጫማ ጠጋኝም ይሠራዋል። እኔ ሥራው ከዲፕሎማዬ በታች መስሎኝ እያፏጨሁ ገጣጠምኩት። ስፒናውን ስሰካው ጧ አለና የእኛ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝ ያሉትም ሱቆች ጨለሙ።

ሱቃችን ከአብነት ወደ መርካቶ ሲገባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነበረች። አምፖል ሻጩ፣ ቀለም ሻጩ፣ ቧንቧ ሻጩ ሁሉም ምን ተፈጠረ እያሉ ብቅ አሉ። ጋሽ ንጉሤ ዲቫይደሩን ፈተው አዩት። ሁለቱ ሽቦዎች ውስጥ ውስጡን ተቃቅፈዋል። "ይዋደዳሉ" አሉና ካቻቪቴውን መልሰው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመተላለፊያው ውስጥ ስሜ ብሩክ መሆኑ ቀረና "ጨለማው" ሆነ። ሻይ ሲታዘዝ እንኳ "ለጨለማው አንድ" ይባል ነበር።

ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት ግን አልተነካም። ቢጫ የራስ ቆብ ገዝቼ ነበር፤ ያ ሕንጻ ሠሪዎች የሚያደርጉት ዓይነት። መርካቶ ውስጥ ሽቦ ለመቀጠል እንዲህ ያለ ቆብ የሚያደርግ ሰው የለም። መንገድ ላይ ዕቃ የዘረጉ ነጋዴዎች በሩቁ ሲያዩኝ ደንብ አስከባሪ መስዬአቸው ሸራቸውን እየጠቀለሉ ይነሡ ነበር። እኔ ደግሞ ለሙያዬ መንገድ የሚለቁልኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አልፍ ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሰላል ላይ ስለኖሩ ይመስለኛል፣ መሬት ላይም ሲራመዱ እግራቸውን በጥንቃቄ ነበር የሚያሳርፉት። ጥቂት ወራት አብሬያቸው ከሠራሁ በኋላ አንድ ጠዋት እትዬ ወርቅነሽ የሚባሉ ሴት ወደ ሱቃችን መጡ። ቤታቸው ጎጃም በረንዳ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ነው።

የማድ ቤታቸው በር እንደሚነዝራቸው፣ ኮርኒሱም የተቃጠለ ጎማ መሽተት እንደጀመረ ነገሩን። ሽቦው በሙሉ እንዲቀየር ይፈልጋሉ። ችግሩ ባለቤታቸው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ሳንባቸው ታሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ በአፍንጫቸው ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ የሚጠቀሙበት አንድ ሲሊንደር አላቸው፤ እሱ ግን ለጥቂት ሰዓት እንጂ ለቀን አይበቃም። ስለዚህ ቤቱን ጨለማ አድርጎ እንደልብ መሥራት አይቻልም።

ጋሽ ንጉሤ ሳሪስ በኩል የጀመሩት የሕንጻ ሥራ ነበራቸው። ወደ እኔ ዞረው "ሄደህ አይተህ ና" አሉኝ። ጥቂት ራመድ እንዳልኩ ጠሩኝና "አይተህ ነው ያልኩህ" ብለው ደገሙልኝ።

ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ቤት ነው፤ ሲገቡበት ግን እየተቀጠለ ያደገ ብዙ ቤት ነው። መሐሉ ጭቃ፣ ጎኑ ብሎኬት፣ ጀርባው ቆርቆሮ። ሽቦውም እንደ ቤቱ ነበር። አንዱ የስልክ ሽቦ ነው። አንዱ ከልብስ ስፌት መኪና የተወሰደ ነው። አንዱን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። የመኝታ ቤቱ ማብሪያ የማድ ቤቱን አምፖል ያበራል። የሳሎኑ ማብሪያ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ረጅም ሰው ብቻ በሚደርስበት ቦታ ነው። እትዬ ወርቅነሽ አጭር ናቸው፤ በመጥረጊያ እንጨት ነበር የሚያበሩት። መብራት ያለበትን ሲነካ የሚበራውን ቴስተሬን የማድ ቤቱ በር ላይ ሳስጠጋው ያለምንም ማንገራገር በራ።

"እንዴት ነው?" አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ።

"ቀላል ነው" አልኳቸው። ቆቤንም አስተካከልኩ።

ጋሽ ተሰማ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል። ትልቅ ሰውነት የነበራቸው፣ አሁን ግን አጥንታቸው ብቻ የቀረ ሰው ናቸው። ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫቸው ተነሥቶ አልጋው ሥር ወዳለው ማሽን ይሄዳል። ሲናገሩ ከሁለት ሦስት ቃል በኋላ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። እኔም ኮሌጁን፣ የወሰድኳቸውን ኮርሶች፣ ያለማመዱኝን መምህር ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና "የዚህን ቤት ሽቦ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም" አሉኝ።

ያስታውቃል ልል ነበር፤ ዋጥኩት። በዚያ ሰሞን ካደረግኳቸው ብልህ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛውን እያፈላለግኩ ነው።

ወደ ሱቅ ስመለስ ጋሽ ንጉሤ ቤቱ ገባህ ብለው ጠየቁኝ። ገብቶኛል አልኩ። ቆጣሪው ስንት ፌዝ ነው አሉኝ፤ መብራት የሚያመጣ ስንት ሽቦ ይገባዋል ማለታቸው ነው። አንድ ነው አልኩ፣ ሳላመነታ። ቆጣሪውን አላየሁትም ነበር፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ነው፤ ቁም ሳጥን መግፋት ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ አልመሰለኝም። መኖሪያ ቤት ሁሉ አንድ ፌዝ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ትንሽ አዩኝና ነገ ማድ ቤቱን ጀምር፣ የመኝታ ቤቱን መስመር ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካ አሉኝ።

በማግስቱ ሳሎን ያለውን የመስመር ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አጠፋሁ። የማድ ቤቱ አምፖል ጠፋ፤ የጋሽ ተሰማ ማሽን ግን እንደሚያንጎራጉር ሰው እየሠራ ነው። ስለዚህ ማድ ቤቱ ለብቻው ነው ብዬ ደመደምኩ። መሰላሌን አቁሜ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁ። ጥቀርሻ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የድሮ ጋዜጣ አለ። መሐሉ ላይ ሽቦዎች እንደ ወፍ ጎጆ ተጠማዝዘው የተቋጠሩበት ቦታ አገኘሁ። የተጠቀለሉበት ናስትሮ ቀልጦ ጠቁሯል። የሚሸተው ይኼ ነው።

ከቋጠሮው ውስጥ ዋነኛው ወፍራም ቀይ ሽቦ ነበር። ቀይ ማለት መብራት የሚመጣበት ነው፤ እንደዚያ ነው የተማርነው። ቴስተሬን አስጠጋሁት፣ አልበራም። መብራት የሚመጣበት ሽቦ ካልበራ ጠፍቷል ማለት ነው። ይኼንን ሒሳብ ዛሬም ሳስታውሰው ማማሩ ይገርመኛል። ስህተቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀዩ ሽቦ መብራት የሚመጣበት አልነበረም። ፒንሳዬን አወጣሁና ፈታሁት።

መጀመሪያ የሳሎኑ አምፖል ነጭ ሆኖ ሲበራ በኮርኒሱ ስንጥቅ አየሁት። ቀን መሆኑን እስክረሳ ድረስ ነው የበራው። ቀጥሎ ፈነዳ። ቴሌቪዥኑም ከውስጡ እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ አሰማና ጭስ ወጣው። ወዲያው ከመኝታ ቤት የማሽኑ ጩኸት ተሰማኝ፤ ሲጠፋ እንዲያስጠነቅቅ የተሠራው ጩኸት።

ያንን ድምፅ ስሰማ ፒንሳውን እንደያዝኩ ተነሣሁ። ወደ መሰላሉ ልሮጥ ብዬ ኮርኒስ ውስጥ እንደማይሮጥ ረሳሁት። እግሬ ከእንጨቱ ላይ ስቶ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ሰንጥቆ ወረደ። ጋሽ ተሰማ ያን ጠዋት ትንፋሽ አጥሯቸው ሽቅብ ሲያዩ ከራሳቸው በላይ ያዩት የእኔን እግር ነው። ለማውጣት ስታገል ጫማዬ ወልቆ አልጋው ላይ ወደቀ።

እኔ ወርጄ ስደርስ እትዬ ወርቅነሽ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሲሊንደሩን ከፍተው፣ ቱቦውን ቀይረው፣ ባላቸውን ደገፍ አድርገው አስቀምጠዋል።  ጋሽ ተሰማ ከንፈራቸው ጠቆር ብሎ ነበር፤ ቀስ በቀስ መለስ አለ። እኔ በሩ ላይ ፒንሳ ይዤ፣ ጥቀርሻ ለብሼ፣ በአንድ ጫማ ቆሜያለሁ። ቆቤ አልወለቀም።

ለጋሽ ንጉሤ ደወልኩ። አልተቆጡም። አሁን ምንም እንዳትነካ፣ ቁም ሳጥኑን ገፍተህ ወደ ቆጣሪው ስንት ወፍራም ሽቦ እንደሚገባ ቆጥረህ ንገረኝ አሉኝ። ቁም ሳጥኑን ገፋሁት። አራት ነበሩ፤ ሦስት መብራት የሚያመጡ፣ አንድ መመለሻ። ለጋሽ ንጉሤ ነገርኳቸው። ከዚያ "ዋናውን አጥፋና ጠብቀኝ፣ መጣሁ" ብለው ዘጉት።

እትዬ ወርቅነሽ ምን አገኘህ አሉኝ።

"እትዬ፣ ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ነው።"

ከጫማዬ እስከ ቆቤ አዩኝ። "አንዱ ፌዝ አንተ ነህ። ሁለቱን አላውቅም" አሉ።

ሲሊንደሩ ላይ ቀሪውን የሚያሳይ መርፌ አለ። አልጋው ጎን ተቀምጬ እሱን ማየት ጀመርኩ። ከሳሪስ ጎጃም በረንዳ በዚያ ሰዓት ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ አዲስ አበባ የኖረ ያውቀዋል። መርፌው የሚወርድ አይመስልም፤ ዞር ብዬ ስመለስ ግን ወርዷል። ጎረቤት ሄጄ በረጅም ሽቦ መብራት ልጎትት ብዬ ተነሣሁ። እትዬ ወርቅነሽ ከእንግዲህ በእኔ እጅ የተነካ ሽቦ ወደ ባላቸው እንዲቀርብ አልፈቀዱም። አልፈረድኩባቸውም።

ጋሽ ተሰማ በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

"ቀዩን ፈታኸው?"

ፈታሁት አልኳቸው።

"መመለሻው ነው።"

ለምን ቀይ እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። ትንፋሽ ሰበሰቡና "ሌላ አልነበረማ" አሉኝ። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ያ ቤት ድሮ የበርበሬ ወፍጮ ነበረው። ሦስቱ ፌዝ የገባው ለወፍጮው ነው። ወፍጮው ሲሸጥ ሽቦውን አልሸጡትም። አንዱን ፌዝ ለማድ ቤት፣ አንዱን ለሳሎን፣ አንዱን ለመኝታ ቤት አከፋፈሉት። በሰፈሩ አንዱ መስመር ሲጠፋ ሌላው ይኖራልና የእሳቸው ቤት ሙሉ በሙሉ ጨልሞ አያውቅም። መንደሩ ሲጨልም ልጆች ለማጥናት እሳቸው ቤት ይመጡ ነበር። ይኼን ሲናገሩ ደረታቸው ትንሽ ቀና አለ። እኔ ቆሻሻ ያልኩት አንድ ሰው አስቦ የሠራው ነገር ነበር። አሠራሩ መጥፎ ነው፤ ሐሳቡ ግን መጥፎ አልነበረም።

ጋሽ ንጉሤ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጠው ደረሱ። የሲሊንደሩ መርፌ ማለቁን ወደሚያሳየው ቀይ ምልክት ተጠግቶ ነበር። ወደ ኮርኒሱ ይወጣሉ ብዬ መሰላሉን ያዝኩላቸው፤ ቀና ብለውም አላዩት። ከቆጣሪው ሥር ተንበርክከው ፈተሹት፤ አዲስ ሽቦ እንድዘረጋ አዘዙኝና ከድሮው ጋር ምንም ሳይነካካ፣ በግድግዳው ጥግ አድርገን፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር መኝታ ቤት አስገባን። እየደጋገሙ ለኩት። ማሽኑን ሲሰኩት ያ እንጉርጉሮ ተመለሰ። እትዬ ወርቅነሽ ቱቦውን ቀይረው ሲሊንደሩን ዘጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

በኋላ ውጭ ወጥተን ጋሽ ንጉሤ የተፈጠረውን አስረዱኝ። መመለሻው ሲፈታ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ በሁለት ፌዝ መሐል ተያያዙ። ብዙ መብራት የሚስበው ማሽኑ ስለነበረ ያነሰው ለእሱ ደረሰው፣ የበዛው ትንሽ ወደሚስቡት ወደ አምፖሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሳሎን ውስጥ ትልቅ ነገር ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ የሚቃጠለው ማሽኑ ነበር። "የተረፈው በአንተ እንዳይመስልህ" አሉኝ። አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ ተመልሰው ገቡና አልጋው አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ያሉትን መቼም አልረሳውም።

"ጋሽ ተሰማ፣ ይኼ ቤት አልገባኝም። ያስረዱኝ።"

ጋሽ ንጉሤ ለግማሽ መርካቶ ሽቦ ዘርግተዋል። ነጋዴው ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው ሰው ናቸው። አልገባኝም ሲሉ ድምፃቸው ሻይ ስጡኝ ከማለት አይለይም። እኔ አንድ ቀን አይቼ ገብቶኛል ያልኩት ቤት ነው።

ጋሽ ተሰማ ብዙ መናገር ስለማይችሉ ጋሽ ንጉሤ ዘዴ ፈጠሩ። እኔ ኮርኒሱ ውስጥ ሆኜ አንድ ሽቦ እይዝና መልኩን፣ መሄጃውን በቀደድኩት ቀዳዳ በኩል እናገራለሁ። ቀዳዳው እንዲህ ጠቀመን። ጋሽ ተሰማ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያነሣሉ፤ የትኛው ፌዝ እንደሆነ። መመለሻ ከሆነ ጨብጠው ያሳያሉ። ከዚያ እኛ እንለካለን።

ብዙውን ያስታውሱ ነበር፤ የሳቱትም ጥቂት አልነበረም። ሁለት ጣት ያሉት ሦስት ሆኖ ይገኛል። ማድ ቤት ይሄዳል ያሉት ሽቦ የትም የማይሄድ ሆኖ ይገኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳሳቱ ከላይ ሆኜ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ንጉሤ ቀደሙኝ።

"ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ይኼኛውን ከእርስዎ በኋላ ሰው ነካክቶታል።"

ጋሽ ተሰማ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ማን ነው የነካካው?"

 ጋሽ ንጉሤ ቀና ብለው ወደ ቀዳዳው አዩ። ጋሽ ተሰማም አዩ። እትዬ ወርቅነሽም አዩ። እኔ በቀዳዳው ውስጥ ፊቴ ብቻ እየታየ "ይቅርታ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የተገኘ ስህተት ሁሉ የእኔ ሆነ። ሳልወለድ የተቀጠለ ሽቦ ሁሉ እኔ ያበላሸሁት ሆነ። ጋሽ ተሰማ ሲቆጡኝ ጉንጫቸው ቀላ ይል ነበር፤ እትዬ ወርቅነሽ ከታመመ ወዲህ እንዲህ በርትቶ አላየሁትም አሉን። እኔም ጠዋት ስገባ ዛሬ የምን ጥፋት ይደርሰኝ ይሆን እያልኩ መምጣት ለመድኩ።

ቤቱን ክፍል በክፍል ቀየርነው። አሮጌው ሽቦ ሲወጣ ጋሽ ተሰማ አምጣው ይሉኛል። በጣታቸው ይዳስሱትና ይኼ የወፍጮው ነው፣ ይኼን ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጄ ነው የሰጠኝ ይላሉ። እኔ ለመጣል እቸኩል ነበር። ጋሽ ንጉሤ ግን ጨርሰው እስኪያዩት ይጠብቁ ስለነበር እኔም ጠበቅኩ። አንዳንዱን ሽቦ ለመሰናበት የሚወስደው ጊዜ አዲሱን ለመዘርጋት ከሚወስደው ይበልጥ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ማብሪያ ሁሉ በየበሩ አጠገብ፣ አጭርም ረጅምም በሚደርስበት ቦታ ሆነ። በሩ አይነዝርም። የማብሪያዎቹን ቦታ ለእትዬ ወርቅነሽ በኩራት አሳየኋቸው። በማግስቱ ደውለው ሳሎኑ አልበራ አለኝ አሉ። ሮጬ ሄድኩ። መጥረጊያውን ይዘው የድሮው ማብሪያ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ እየነኩ ነበር። አዲሱን አሳይቻቸው ስመለስ "እሱንስ አውቀዋለሁ፤ እጄ ነው ያላወቀው" አሉኝ።

ጋሽ ተሰማ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመኝታ ቤቱ ፌዝ ሲጠፋ ወደ ሌላው መዞር አለበት አሉ። የድሮው ቤታቸው ያደርገው ነበር፤ አዲሱም ማድረግ አለበት። ልክ ነበሩ። ጋሽ ንጉሤ በደንብ የተሠራ መቀያየሪያ ገዝተው አልጋው ጎን፣ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ገጠሙላቸው። ገጠሙት ስል እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ እሳቸው ቆመው ያዩ ነበር። ቴሌቪዥኑንም ጋሽ ንጉሤ ወስደው አስጠገኑላቸው።

ክረምት ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ እትዬ ወርቅነሽ ደወሉልኝ።  ስማቸውን ስልኩ ላይ ሳይ በአእምሮዬ ቋጠሮዎቹን በሙሉ መፈተሽ ጀመርኩ።

ምንም አልተበላሸም አሉኝ። በሰፈሩ ግማሹ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማሽኑም ጮኸ። እሳቸው ማድ ቤት ስለነበሩ ወደ ሲሊንደሩ ሲሮጡ ጩኸቱ ቆመ። ሲገቡ ባላቸው እጃቸውን መቀያየሪያው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ራሱ አዞረው" አሉኝ። "ንገሪው አለኝ። ለዚያ ነው የደወልኩት።"

ጋሽ ተሰማ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፉ፤ ሕመማቸው ነው፤ መብራቱ አልነበረም። ለቅሶ ደርሰን ከጋሽ ንጉሤ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። የድንኳኑን መብራት ከዚያው ቤት ነበር የሳብኩት።

ዛሬ ጋሽ ንጉሤ ጡረታ ወጥተዋል፤ ሱቋን የያዝኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር አንድ ቤት አይቶ እንዲመጣ እልከዋለሁ። ሲመለስ የገባውን አልጠይቀውም። ምን አልገባህም ነው የምለው። ሁለት ሦስት ነገር የሚነግረኝን ሥራ አስጀምረዋለሁ። ሁሉም ገብቶኛል የሚለኝን ግን ከእኔ ጋር መሰላል እንዲይዝ አደርገዋለሁ እንጂ ብቻውን ሰው ቤት አልልከውም።